አያ ኪሮስ «ጣለው» ያሉ ዕለት

አያ ኪሮስ ማረፋቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሲሳይ ከትምህርት ቤት ወደ ገበያ እያወረደኝ፣ ቁልቁለቱ መሐል ላይ ድንገት ቆመና ሞተሩን አጠፋ። ሲሳይ ለኔ ባለባጃጅ ብቻ አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አያ ኪሮስ በረንዳ ላይ አብሮኝ ካርታ የሚጫወት ወዳጄ ነው። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጡሩንባውን ያንባርቅብናል፤ እሱ ግን መሪውን እንደያዘ ፊት ለፊቱን ያያል።

«አስኩ፣ አያ ኪሮስ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል» አለኝ።

«ኧረ ሂድ ወዲያ! ቅዳሜ በካርታ ሃያ ሽምብራ በልተውኛል እኮ!»

ወይ እኔ! ሰው ሞተ ሲሉኝ ሽምብራ ቆጠርኩ። አልቅሼ ሳበቃ በራሴ አፈርኩ። ግን እሳቸው ቢሰሙኝ ኖሮ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። «እሰይ፣ ቂም መያዝ ጀመርሽ ማለት ነው» ይሉኝ ነበር። ለቅሶውን በወጉ አልቅሻለሁ፤ አሁን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም። የእሳቸውን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ሐዘኑን ቀድሞ ደስታ ይመጣብኛል፤ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄን ካርታ ካርታ ይለዋል። ምን ላድርግ!

አያ ኪሮስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጠየቃቸውን ሁሉ «ከከተማው ፓምፕ ሁሉ እበልጣለሁ» ብለው ይመልሱት ነበር። በወጣትነታቸው ዋግን ከዳር እስከ ዳር ከመንገድ ቀያሾች ጋር ሜትር ተሸክመው ዞረዋል፤ ፖከር የሚባለውን ጨዋታም የተማሩት በድንኳን ውስጥ ከነዚያ ቀያሾች ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታቸው የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነው ሠሩ።

እኔ የማውቃቸው በፓምፕ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ሰቆጣ በተመደብኩ ዓመት የትምህርት ቤታችን ፓምፕ ተበላሸ። ጡረተኛ ቢሆኑም የሚጠራው እሳቸውን ነበር። መጡ፣ መሣሪያቸውን መሬት ላይ አኖሩ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። በቃ! አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፣ መፍቻ አላነሱም። አንዳንዴ አንዷን ልጅ እጀታውን ከፍ ዝቅ አድርጊ ይሏትና ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ይለጥፋሉ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲታደል አልነበርኩም።

«አባት፣ ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«ምን እንደጎደለው እየነገረኝ ነው። አንቺ ዝም ካልሽለት ቶሎ ይጨርሳል።»

ቀትር ላይ ተነሡ፣ አንድ ብሎን ፈቱ፣ አንዲት ክብ ጎማ ለወጡ፣ ውሃው ዧ አለ። ሁሉ ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እጃቸውን እየታጠቡ ቀና ብለው አዩኝና «ሒሳብ ነው የምታስተምሪው አሉ። ካርታ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ኮንከር እችላለሁ።»

«እሱ የልጆች ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነይ።»

ሄድኩ። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ የቀረሁበት ቅዳሜ በጣት የሚቆጠር ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ለያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ካርታ ይታደላል። ካርታህን አይተህ ትወራረዳለህ፣ የማይረባህን ትቀይራለህ፣ እንደገና ትወራረዳለህ፣ መጨረሻ ላይ ይገለጣል። ሁለት ተመሳሳይ የያዘ ምንም ያልያዘውን ይበላል፣ ሦስት ተመሳሳይ የያዘ ሁለቱን ይበላል፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ሌላው ሲወራረድ ያለህ ምርጫ ሦስት ነው፦ ካርታህን ጥለህ ከዙሩ ትወጣለህ፣ እኩል አስይዘህ ትከተላለህ፣ ወይም ከሱ በላይ ትጨምራለህ። የምንወራረደው በጥሬ ሽምብራ ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን «በቤቴ ቁማር የለም» ብለው ገና ከጥንት ወስነዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ሽምብራው ተሰብስቦ ወደ ማሰሮው ይመለስና፣ ጾም ሲገባ ያንኑ ሽሮ አድርገው ያበሉን ነበር።

አያ ኪሮስ ካርታቸውን አንዴ ብቻ ያያሉ። ከዚያ ደፍተው የነጠላቸውን ጫፍ ያለብሱትና እኛን ያዩናል። እኔ ስቁለጨለጭ፣ «አትቸኩይ አስኩዬ፣ ካርታው እግር የለውም» ይሉኛል። ሲሳይ ፈሪ ነው፤ ጥሩ ነገር ካልያዘ ሽምብራውን አይነካም። ስለዚህ ሲሳይ ከጨመረ ሁላችንም እንጥላለን። እኔ ደግሞ ፊቴ ላይ ሁሉም ነገር ይነበባል። ሦስታችንም ተዋውቀን፣ ተለማምደን፣ ሰላማችንን ይዘን እንኖር ነበር።

ዳንኤል መጣ፣ ሰላማችን ተናጋ!

ዳንኤል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረውን ሪግ፣ ያንን ግንዱን ሰማይ ላይ የሚያቆም ትልቅ መኪና፣ ይዞ በዞናችን ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞር የቁፋሮ ኃላፊ ነበር። ሲሳይ በባጃጁ ሲያመላልሰው ስለ ካርታችን ነገረው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በረንዳው ላይ ከች አለ። ተቀምጦም ጉልበቱ ይዘልላል፣ አንዴም አያርፍም፣ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማል። ካርታ ሲታደልለት ጫፉን ብቻ ገለጥ ያደርግና «ጨምሬአለሁ!» ይላል። ጥሩ ቢመጣለት ጨምሬአለሁ፣ ባዶ ቢመጣለት ጨምሬአለሁ። ስሙንም ወዲያው «ዳንኤል ጨምር» አልነው።

አቤት፣ የዚያን ዕለት የበላን! ሲሳይ እንደ ልማዱ እየጣለ እየጣለ አለቀ። እኔ ደሜ ፈላ። አንዴ ባዶ እጄን ይዤ ልክ ንጉሥና አስ የሞላኝ መስዬ አሥራ አምስት ሽምብራ ገፋሁበት፤ ሲሳይ ቢሆን በሩጫ ይጠፋ ነበር። ዳንኤል ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እከተላለሁ፣ ደግሞም ጨምሬአለሁ!» አለ፣ በጥንድ ሦስት ቁጥር ብቻ ጠራርጎ በላኝ። በሚቀጥለው ጥሩ ጥንድ ይዤ ሲጨምርብኝ ፈርቼ ጣልኩ፤ ሲገልጠው ምንም የለው! እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። አያ ኪሮስ ሙሉውን ከሰዓት ሲጥሉና ሲያዩት ነበር የዋሉት።

እሱ ከሄደ በኋላ ሽምብራውን እየለቀምን እሳቸው ጀመሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን ታስፈራሪዋለሽ እንዴ? የሚያስፈራራ ሰው የሚጠቅመው የሚፈራ ሲያገኝ ነው። ይሄ ልጅ አይፈራም፤ ምን ይዘሻል ብሎም አያስብም። የራሱን እንኳ በቅጡ አያይም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጥሩ ብይዝ ይጨምርብኛል፣ መጥፎ ብይዝ ይጨምርብኛል!»

«እሱ ነው እኮ ጥሩነቱ! ጥሩ ሲመጣልሽ ዝም በይ፣ እሱ ይጨምርልሻል። አንቺ ምን አደከመሽ? ደግሞ ያ የጣልሽው ጥንድ፣ ለሲሳይ አይበቃም ነበር፤ ለዳንኤል ይበቃል።»

ይህ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሲገባ ብድግ አልኩ! ሒሳብ እኮ ነው! በየዙሩ የሚጨምር ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልያዘም ማለት ነው፤ ስለዚህ መካከለኛው ካርታዬ በሱ ፊት ትልቅ ነው። ያው ካርታ፣ ያው ቁጥር፣ ሰዉ ሲለወጥ ዋጋው ይለወጣል! እኔ በሰሌዳ ላይ ዕድል የሚባለውን ምዕራፍ ስንት ዓመት አስተምሬ ያላየሁትን አያ ኪሮስ ሽምብራ እየለቀሙ አሳዩኝ። ሰኞ ዕለት ተማሪዎቼን በዚህ ነገር አሳበድኳቸው።

«ግን አንድ ነገር» አሉኝ ስወጣ፤ «ይህ ሰው አንዳንዴ እውነትም ይመጣለታል፤ ያን ጊዜ ይበላሻል። እንዳትናደጂ። ከተናደድሽ አንቺም ጨምር ትሆኛለሽ፤ ሁለት ጨምር ደግሞ በረንዳዬ አይችልም።»

እውነቱን ለመናገር ዳንኤል ክፉ ልጅ አልነበረም። ሲበላም ሲበላበትም እኩል ይስቃል። አያ ኪሮስን «ፋዘር» ይላቸዋል፣ እኔን «ቲቸር»። ሪጉ የማይደርስበት ቦታ ለማየት ሲፈልግ አያ ኪሮስ ዳማ በቅሏቸውን ያውሱት ነበር። ያቺን በቅሎ አንዴ ከተቀመጠባት በኋላ አበደ! «ፋዘር፣ ይሽጡልኝ፣ የፈለጉትን ዋጋ ይጥሩ» ሲላቸው፣ እትዬ ለተብርሃን ከጓዳ ሆነው «እኔን በምን ቤተ ክርስቲያን ልታደርሱኝ ነው?» ይሉታል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለሷ ከደጅ አይወጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እጄ ቸኩሏል።

ከሰቆጣ በባጃጅና በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ወይራ አምባ የሚባል መንደር አለ። አያ ኪሮስ የተወለዱበት ነው። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ሳይነጋ ይወጣሉ፣ ቀትር ሲደርስ ይመለሳሉ፤ በበጋ እሷንም ውሃ በወረፋ ነው የሚቀዱት። አያ ኪሮስ ዕድሜ ልካቸውን የሰው አገር ፓምፕ ሲጠግኑ፣ የራሳቸው መንደር የሚጠገን ፓምፕ እንኳ አልነበራትም። ይህን ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ እትዬ ለተብርሃን ናቸው የነገሩኝ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ የዳንኤል ሪግ ተራው ደርሶ ወይራ አምባ ወጣ። የውሃ ጥናት ባለሙያዎቹ ለመቆፈር ሁለት ነጥብ ምልክት አድርገው ነበር፦ አንዱ ከመንገዱ ዳር፣ ሁለተኛው ከታች ሸለቆው አፍ ላይ። ዳንኤል የመጀመሪያውን ቆፈረ። ደረቅ! አቧራ ብቻ!

በዚያው ቅዳሜ ዳንኤል አቧራውን እንደለበሰ በረንዳው ላይ መጥቶ ዘጭ አለ።

«ሰኞ ሪጉን አነሣለሁ» አለ፤ «ወደ ሌላ ወረዳ ነኝ።»

«ሁለተኛው ነጥብስ?» አሉ አያ ኪሮስ።

«ፋዘር፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ መኪናዬን ልሰብር? ግዴታም የለብኝም። የቀበሌውም ሰው ደረቅ ነው ብሎ ፈርሞልኛል።»

«ግዴታ የለብህም» አሉ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በእግራቸው ነካ አደረጉኝ። የሽምብራውን ማሰሮ አንሥተው ሽምብራውን ሁለት ቦታ መደቡት።

«በቅሎዬን ትወዳታለህ አይደል?» አሉት።

የዳንኤል ጉልበት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«አንተና እኔ ብቻ፣ ሃምሳ ሃምሳ ሽምብራ። ሁሉንም ከበላኸኝ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ ይዘሃት ሂድ። እኔ ከበላሁህ ሰኞና ማክሰኞ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትቆፍራለህ።»

«አንተ ኪሮስ!» አሉ እትዬ ለተብርሃን በር ላይ ብቅ ብለው። «ደህና ነህ? በቅሎዬን?»

«ለተብርሃን፣ አንድ ጊዜ እመኚኝ።»

እትዬ ለተብርሃን ወደ ጓዳ አልተመለሱም፤ በሩ ላይ ተደግፈው ቆሙ። ዳንኤል «ሚካኤልን፣ ገብቼአለሁ!» ብሎ መነጽሩን አወለቀ። እኔና ሲሳይ ከአያ ኪሮስ ጀርባ ተቀመጥን። የሳቸው ካርታ ይታየኛል፤ ምናለ ባልታየኝ ብዬ የተመኘሁት በኋላ ነው!

ተጀመረ። በየዙሩ ከሁለቱም አንድ አንድ ሽምብራ መሐል ላይ ይወድቃል፣ ዳንኤል «ጨምሬአለሁ!» ይላል፣ አያ ኪሮስ ይጥላሉ። ደግሞ ይታደላል፣ ጨምሬአለሁ፣ ይጥላሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። እኔ ከኋላ ተቃጠልኩ፤ የሚጥሉት ግን እውነትም የማይረባ ካርታ ነበር። ሃምሳው ሠላሳ ስምንት ሆነ። ዳንኤል «ፋዘር፣ ኮርቻውን አሁኑኑ ልጫንላት?» እያለ ይስቃል። ሲሳይ ጥፍሩን በልቶ ጨረሰ።

ከዚያ ሁለት ንግሥት መጣላቸው። ሌላው ሦስቱ እንቶ ፈንቶ ነው። ዳንኤል አምስት ጨመረ፣ አያ ኪሮስ ተከተሉ። ሦስቱን ቀየሩ፤ የመጣላቸውም ያው እንቶ ፈንቶ። ዳንኤል ግን አንድ ካርታ ብቻ ቀየረ! አንድ ብቻ! እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ ሁለት ጥንድ ይዟል፣ ወይ ለትልቅ ነገር አንድ ጎድሎታል ማለት ነው። የቀየራትን አያት፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሽምብራውን በሙሉ ወደ መሐል ገፋው።

«ሁሉንም ጨምሬአለሁ! በቃ ፋዘር፣ ይለይልን!»

አያ ኪሮስ ካርታቸውን ደፉ፣ ነጠላቸውን አለበሱት፣ ዳንኤልን ያዩት ጀመር። እሱ ወደ ሰማይ ያያል፣ ያፏጫል። እኔ በልቤ «ይጣሉት! ለእግዚአብሔር ብለው ይጣሉት!» እያልኩ ነው። ከጣሉ ሠላሳ ሁለት ይቀራቸዋል፣ ገና ጨዋታ አለ። ከተከተሉና ከተሸነፉ በቅሎዋም የለች፣ ጉድጓዱም የለም፣ ሁሉም ነገር በሁለት ንግሥት ይጠፋል። ሲሳይ ዓይኑን ጨፈነ። 

«ሲሳይ ቢሆን እጥል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እከተላለሁ።»

ዳንኤል ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ካርታውን ገለጠ፦ አራት ቀይ ልብ፣ አንድ ጥቁር። አምስተኛዋ ቀይ ልብ ብትመጣ ሁለቱን ንግሥት ትበላ ነበር፤ አልመጣችለትም! ምንም የለውም! አያ ኪሮስ ሁለቱን ንግሥቶች ጎን ለጎን አኖሩለት። እኔ ስጮኽ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ሲሳይ ወንበሩን ይዞ ወደቀ፣ እትዬ ለተብርሃን በሩ ላይ ሆነው አማተቡ። በሚቀጥለው ዙር ዳንኤል ካርታውን እንኳ ሳያይ የቀረውን ሽምብራ ገፋ፤ አያ ኪሮስ ሦስት ባለ ስድስት ካርታ ይዘው ጠበቁት። አለቀ።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ብድግ ብሎ እጃቸውን ጨበጠና «ሰኞ ጠዋት» አለ፣ ሄደ።

ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ ወይራ አምባ ሴት ወንድ ሳይል ወጥቶ የሸለቆውን ቁልቁለት ድንጋይ ሲያነሣ ዋለ፤ ሪጉ በስንት መከራ ወርዶ ቀትር ላይ መቆፈር ጀመረ። እኔ ከሰዓት በኋላ ክፍል አልነበረኝም፣ በሲሳይ ባጃጅ ከነፍኩ። ስደርስ የመንደሩ ቄሰ ገበዝ አያ ኪሮስ ፊት ቆመው «ኪሮስ፣ ለነገው ምን አሰባችሁ? ነገ እኮ ሚካኤል ነው!» ይላሉ።

አያ ኪሮስ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ወይ ጉድ! በሚካኤል መሬት አይቆፈርም፤ ይህን በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ደግሞ እሳቸው የሚካኤል ማኅበር አባል ናቸው፤ እንዲያውም የዚያ ወር ድግስ ተረኛው ራሳቸው ነበሩ! እትዬ ለተብርሃን ሳምንቱን ሙሉ ጠላ ሲጠምቁ እዚያው ቤት ነው የዋሉት። እያንዳንዷን ካርታ የሚቆጥሩ ሰው፣ በጨዋታው ሙቀት ሰኞና ማክሰኞ ሲሉ ማክሰኞ ምን እንደሆነ ረሱ! በኋላ እትዬ ለተብርሃን «ጠላውን ለማን የምጠምቅ መስሎህ ነበር?» አሏቸው። በስንት ጭንቅ የተገኘው ሁለት ቀን ግማሽ ቀን ሆኖ ቀረ።

ያ ግማሽ ቀንም አለቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቶ አሥር ሜትር ወርዷል፤ የሚወጣው ያው ነጭ አቧራ ነው። ዳንኤል ማሽኑን አስቆመ። ጸጥ ሲል ጆሯችን ጮኸ።

«ፋዘር፣ እንግዲህ ሁለቱ ቀን አለቀ» አለ። «ነገ ሚካኤል ነው ብላችኋል፣ እሮብ እኔ መንገድ ላይ ነኝ።»

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ሁሉም ሰው አያ ኪሮስን ያያል። እኔ ብሆን እግሩ ላይ እወድቅ ነበር፣ እውነቴን ነው። አያ ኪሮስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ካወቅኳቸው ጀምሮ ሲያወልቁት አይቼ አላውቅም።

«ልክ ነህ» አሉት። «ጣለው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«ያለህን አድርገሃል። የመቆፈሪያ ዘንግህም እያለቀ ነው። እኔም ብሆን እጥለዋለሁ። ጣለውና በሰላም ግባ ልጄ።»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ «ኧረ ምን ነካው?» አለች። ዳንኤል ግን ቀጥ ብሎ ያያቸዋል። ያን ያህል ጊዜ ሳይስቅና ሳይንቀሳቀስ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

«ጣለው ነው ያሉኝ?»

«አዎ።»

ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ መታው። «እኔ ጥዬ አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። «ማሽኑ ካለበት አይነቃነቅም! ስንት ዘንግ ቀርቶናል? ስድስት? ስድስቱም ይገባል! እሮብ ጠዋት ሁላችሁም እዚህ!»

ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አላስቀመጥኳቸውም። «እሺ ብሎ ቢሄድስ? እሺ ብሎ ቢሄድስ አያ ኪሮስ?» እላለሁ።

«ብለምነው ይሄድ ነበር» አሉኝ። «ለማኝ ሲያይ ጨዋታው ያለቀ ይመስለዋል።»

«ስለዚህ ዋሹት!»

«ዋሸሁት። በዚያ ላይ በሚካኤል ዋዜማ» አሉና አማተቡ።

ማክሰኞ ዳንኤል ማኅበሩ መሐል ቁጭ ብሎ ዋለ። ጉልበቱ እየዘለለ፣ ጠላውን እየጠጣ፣ በየደቂቃው «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» እያለ። ያ ልጅ መጠበቅ እንደዚያን ቀን ከብዶት አያውቅም። እሮብ እኔ ለርእሰ መምህሩ «አሞኛል» ብዬ ወይራ አምባ ነበርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንድ ዘንግ ገባ፣ አቧራ። ሁለት፣ አቧራ። ሦስት፣ አራት። ዳንኤል «ጨምሩ!» ይላል። አምስተኛው ሲጋመስ አያ ኪሮስ ከተቀመጡበት ድንጋይ ብድግ አሉ፤ ድምፁ ተለውጧል ብለው እጃቸውን አነሡ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ወዲያው አቧራው ቆመ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ... ውሃ! ኧረ ውሃ! ከሪጉ ግንድ በላይ ተወነጨፈ፣ ሁላችንም ላይ ዘነበ! እልልታው ሸለቆውን አናወጠው። ዳንኤል ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገብቶ እስክስታ ልምታ ብሎ ወደቀ። እኔ አንድ እግር ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ጥዬ ነው የመጣሁት፣ እስካሁንም እዚያው ነው።

ያ ጉድጓድ አሁንም ይሰጣል። ዳንኤል ከዚያ በኋላ ከሰቆጣ ሄደ፤ አንዳንዴ እየደወለ አያ ኪሮስን «ፋዘር፣ በስልክ እንጫወት?» ይላቸው ነበር። አያ ኪሮስ ባረፉ በሦስተኛው ቀን፣ ወልድያ አድሮ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገባ። እንደሚጫወተው ነው ያለቀሰው፤ ያለውን ሁሉ በአንዴ። እትዬ ለተብርሃንን አቅፎ ቆየ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሁለት ዓመት የያዝኩት ነገር አላስቻለኝም። «ዳኒ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «ያን ሰኞ አያ ኪሮስ ጣለው ያሉህ ከልባቸው አልነበረም። እንዳትጥለው ብለው ነው።»

«አውቃለሁ ቲቸር» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በቅሎዋን ሲያስይዙ እንኳ ያልተንቀጠቀጠ እጅ።»

«እያወቅክ ታዲያ ለምን ቆፈርክ?»

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ። «ለመኑኝ እኮ።»